የልጁ ክንድ የማን ነው?

በዚህች ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ ለተማሪዎች ማኅበር መጽሔት የማይበቃ ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገሩ ስለ ጨዋታ ነው፤ ያውም ስለ ቤዝቦል፤ ከቤዝቦልም ኳስ ስለሚወረውር አንድ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ክንድ ነው። «የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ክርንና ስለ ትከሻ ምን አገባቸው? ይህንንስ ለሕክምና ተማሪዎች ቢተዉላቸው አይሻልምን?» የሚለን ወንድም እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። በአሜሪካ ከምንማረው ኢትዮጵያውያን መካከል ጥቂቶቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኙ ሜዳዎች ለሰፈር ልጆች ረዳት አሠልጣኝ ሆነን እንውላለን፤ ከልጆቹም ጥቂት የማይባሉት የወገኖቻችን ልጆች ናቸው። አንድን ልጅ «እንዲህ አድርገህ ወርውር» ብሎ የሚያዝ ሰው በዚያ ልጅ አካል ላይ ሥልጣን ይዟል። ሥልጣን በማን ላይ፥ ለማን ጥቅም፥ እስከ ምን ድረስ የሚለው ጥያቄ ደግሞ፥ እኛ እስከምናውቀው ድረስ፥ የአርትስ ፋኩልቲ ጥያቄ ነው።

ጨዋታውን አይታችሁት ለማታውቁ አስቀድመን ጥቂት እንበል። ወርዋሪው ዝቅ ባለች የአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ፥ ዱላ ይዞ ወደሚጠብቀው ተጫዋች ኳሱን ይሰዳል። ያኛው ሊመታት፥ ይኼኛው ሊያስታት ይታገላሉ። በአዋቂዎች ጨዋታ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 18.44 ሜትር ነው፤ ለልጆች እንደ ዕድሜያቸው ያጥራል፤ ለትናንሾቹ 14 ሜትር ያህል ነው። ኳሷ ከ142 እስከ 149 ግራም ትመዝናለች። በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ከወርዋሪው እጅ ወጥታ መቺው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም፤ መቺው በዚያች ጊዜ ውስጥ አይቶ፥ ፈርዶ፥ ዱላውን ማንሣት አለበት። ስለዚህ ፍጥነት ዋጋ አለው፤ ይህን የምንክድ አይደለንም። ክርክራችን ፍጥነቱ ከየት ይመጣል፥ መቼ ይመጣል፥ በማንስ ኪሣራ ይመጣል በሚለው ላይ ነው።

ብዙ ሰው ኳስ የሚወረወረው በክንድ ይመስለዋል። ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ወፍ ሲጠብቅ ያደገ የገጠር ልጅ ግን እንዲህ ብሎ አይሳሳትም፤ እግሩን ተክሎ ወገቡን ካላዞረ ድንጋዩ ከማሳው ዳር እንደማያልፍ ያውቃልና። በቤዝቦልም ነገሩ ይኸው ነው፤ ኀይሉ የሚነሣው ከመሬት ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ልጅ በቀኝ እግሩ ጉብታዋን ገፍቶ ይነሣል፤ ግራ እግሩን ወደ ዒላማው ይዘረጋል፤ የእርምጃውም ርዝመት ከቁመቱ ጥቂት የሚያንስ ይሆናል። የፊተኛው እግር መሬት ሲነካ ዳሌው ወደ ዒላማው ይዞራል፤ ትከሻው ግን ገና ወደ ጎን እንዳለ ይቆያል። በዚያች ቅጽበት ሰውነቱ ውሃው እንደሚጨመቅ እርጥብ ልብስ ይጠመዘዛል። ከዳሌው ቀጥሎ ደረቱ ይመጣል፤ ከደረቱ ትከሻው፥ ከትከሻው ክርኑ፥ ከክርኑ የእጁ አንጓ፥ በመጨረሻም ጣቶቹ። እያንዳንዱ ከበታቹ የተቀበለውን የራሱን ጨምሮበት ለሚቀጥለው ያስረክባል። ክንድ በዚህ ሰልፍ የመጨረሻው ተቀባይ ነው። ከእግርና ከወገብ ያልተሰጠውን ከራሱ አውጥቶ እንዲከፍል የተገደደ ክንድ ብድር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ አበዳሪውም ክርኑ ነው።

በሜዳ ላይ ደጋግመን የምናየው ጉድለት ይህ ነው። ልጁ እግሩ መሬት ከመንካቱ በፊት ግራ ትከሻው ይከፈትበታል፤ ደረቱ ቀድሞ ወደ መቺው ይዞራል፤ ክንዱ ወደ ኋላ ይቀርና እየሮጠ ሊደርስ ይሞክራል። ኳሷም ወደ ላይና ወደ ቀኝ ታመልጣለች። ይህን ጊዜ ከዳር የቆመው ሁሉ «ክንድህን አፍጥነው! ጠንክር!» እያለ ይጮኻል። ልጁም የተባለውን ያደርጋል፤ ክንዱን ያፈጥናል፤ ጉድለቱም ይብሳል። መድኀኒቱ ያለው ክንዱ ላይ ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው። እኛ የምንለው «ጓንት ያለበትን እጅህን ለተቀባዩ አሳየው፤ እግርህ እስኪያርፍ ድረስ ደረትህን ደብቅበት» ነው። ይህችን አንዲት ቃል በየሳምንቱ እየደገምን፥ ሌላ ምንም ሳንጨምር፥ በወር ተኩል ውስጥ ኳሳቸው የተስተካከለላቸውን ልጆች አይተናል። ፍጥነታቸውም ሳይጠሩት መጣ።

ሌላው ጉድለት በፊተኛው ጉልበት ላይ የሚታየው ነው። እግሩ ሲያርፍ ጉልበቱ እንደ ሸምበቆ ወደ ፊት ከታጠፈ፥ ከመሬት የመጣው ኀይል እዚያው ይፈስሳል። ጉልበቱ ጸንቶ፥ ኳሷ ስትለቀቅም ቀና እያለ ሲሄድ ግን፥ ምሰሶ እንደ ተተከለለት ሰው ደረቱ በላዩ ላይ ይወነጨፋል። ይህ በምክር ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ ይፈልጋል፤ መሮጥ፥ መዝለል፥ ቁጭ ብድግ ማለት ይፈልጋል። የፊተኛው እግር በሚያርፍበት ጊዜም የሚወረውርበት ክርን በትከሻው ቁመት ልክ መገኘት አለበት፤ ዝቅ ብሎ የቀረ ክርን ዘግይቶ ይነሣል፤ የዘገየም ሁሉ ሲጣደፍ ይሰበራል። ከውርወራው በኋላ ደግሞ ክንዱን በአየር ላይ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ልጅ አለ። ሊቃውንቱ እንደሚሉት ትከሻ ወደ ውስጥ የሚዞርበት ፍጥነት በሰከንድ ከ7,000 ዲግሪ ይበልጣል፤ የሰው አካል ከሚያደርጋቸው እንቅስቃሴዎች ሁሉ ፈጣኑ ይህ ነው ይባላል። ይህን የመሰለ ሩጫ በአንዴ አይገታም፤ ክንዱ ደረቱን አቋርጦ እንዲወርድ፥ ጀርባውም አብሮት እንዲያጎነብስ መተው ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ለአንድ ልጅ የሚነግር አሠልጣኝ ግን ባይመጣ ይሻላል። ሰባት ምክር የተሰጠው ልጅ ጉብታዋ ላይ ሲቆም በገመድ እንደሚጎተት አሻንጉሊት ይሆናል። አንድ ነገር፥ በዝግታ፥ መጀመሪያ ያለ ኳስ፥ ከዚያም በአጭር ርቀት፤ የእኛ ሥርዓት ይኸው ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው ሌላ የቅዳሜ ሥራ ይፈልግ።

አሁን ወደ ዋናው ጠባችን እንምጣ። በየሜዳው አጥር ሥር የፍጥነት መለኪያ ራዳር የያዙ አባቶችና ነጋዴዎች ተኮልኩለዋል። ልጁ ከወረወረ በኋላ የሚመለከተው ተቀባዩን አይደለም፤ ራዳሩን ነው። ፍጥነት እንሸጣለን የሚሉ የግል ማሠልጠኛዎች ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፤ ልጆቹን በቁጥር ተራ ያሰልፋሉ። አንዳንዶቹ ከመደበኛው ኳስ እጅግ የከበደ ኳስ በሙሉ ኀይል ያስወረውራሉ። እውነቱን ለመናገር ይህ ዘዴ ጨርሶ አይሠራም አንልም። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆናቸውን ወርዋሪዎች ለስድስት ሳምንት በከባድና በቀላል ኳስ አሠልጥኖ ፍጥነታቸው በ3.3 በመቶ መጨመሩን አሳይቷል። ግና ከእነዚያው ልጆች 24 በመቶው ጉዳት ደረሰባቸው። ከሁሉ የሚገርመው ከባድ ኳስ ካልነኩት ልጆችም ከግማሽ በላይ የሆኑት ፍጥነታቸው መጨመሩ ነው! ነገሩ ግልጽ ነው። ልጅ በአንድ ክረምት አንድ ጋት ይረዝማል፤ ትከሻው ይሰፋል፤ ፍጥነቱም አብሮት ያድጋል። ገንዘብ የተቀበለው ሰው «ይኸውና የእኔ ሥራ!» ይላል፤ እኛ ግን ከምስጋናው ገሚሱ ለእናቱ ወጥ ይገባል እንላለን።

ጉዳት ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንግለጽ። በክርን ውስጠኛ ጎን የላይኛውን የክንድ አጥንት ከታችኛው ጋር የሚያያይዝ አንድ አጭር ጅማት አለ። በሙያተኛ ወርዋሪዎች ላይ የተደረጉ ልኬቶች እንደሚያሳዩት፥ በእያንዳንዱ ኀይለኛ ውርወራ ክርን ላይ የሚያርፈው ጠምዛዥ ኀይል 64 ኒውተን ሜትር ያህል ይደርሳል። ከሬሳ የተወሰደ ጅማት ብቻውን ሲፈተን ግን በ32 አካባቢ ይበጠሳል። ታዲያ በየውርወራው ለምን አይበጠስም ቢሉ፥ በዙሪያው ያሉት የክንድ ጡንቻዎች ሸክሙን ስለሚካፈሉት ነው። ጡንቻ ሲደክም ዘበኛው ተኛ ማለት ነው፤ ሸክሙም በጅማቱ ላይ ብቻ ይወድቃል። በማደግ ላይ ባለ ልጅ ደግሞ ከጅማቱ ይልቅ የሚደክመው ጅማቱ የተያያዘበት ለጋ የአጥንት ማደጊያ ነው፤ ስለዚህ በልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው እርሱ ነው። በ2006 የታተመ ጥናት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ጎረምሶች ካልተጎዱት ጋር ሲያነጻጽር፥ ክንዳቸው እየደከመ አዘውትረው የወረወሩት ለቀዶ ጥገና የመድረሳቸው ዕድል በ36 እጥፍ በልጦ ተገኘ። በዓመት ከስምንት ወር በላይ የወረወሩት ደግሞ በ5 እጥፍ በለጡ። በ2011 የታተመው ሌላ ጥናት 481 ልጆችን ዐሥር ዓመት ተከታትሎ፥ በአንድ ዓመት ከ100 ኢኒንግ በላይ የወረወረ ልጅ ለከባድ ጉዳት የመጋለጡ ዕድል 3.5 እጥፍ መሆኑን አሳየ። ኢኒንግ የጨዋታው ዙር ነው። እንግዲህ የክንድ ጠላት ድካም መሆኑን ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። አባቶች በብዛት የሚፈሩት ጠማማ የምትሄደዋን ከርቭ ኳስ ነው፤ በልኬት ሲታይ ግን ልጆች በሙሉ ኀይል የሚወረውሯት ፈጣን ኳስ በክርናቸው ላይ የምትጭነው ከከርቯ ሸክም አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል።

«ቢበጠስስ ይጠገናል» የሚሉ አሉ። በእርግጥም በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወርዋሪ ለነበረው ለቶሚ ጆን ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስዶ የግራ ክርኑን ጠገነለት። ቶሚ ጆን የ1975ን ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ በ1976 ተመለሰ፤ ከዚያም በኋላ 164 ጨዋታ አሸነፈ። ቀዶ ጥገናው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ይህ ታላቅ የሕክምና ድል ነው። ነገር ግን ድሉ ውሎ አድሮ ፈቃድ ሆነ፤ ጤነኛ ልጅ ቀዶ ጥገናው ቢደረግለት ፍጥነቱ ይጨምርለታል ብለው የሚያምኑ ወላጆች እስከ መገኘት ተደርሷል። የአሜሪካ ሙያተኛ ሊግ ራሱ በታኅሣሥ 2024 ባወጣው ዘገባ፥ የጉዳቱ ዋና ምክንያት ፍጥነትን ማሳደድ መሆኑን ተናግሯል። በዚያው ዘገባ መሠረት በታላቁ ሊግ የፈጣን ኳስ አማካይ ፍጥነት በ2008 በሰዓት 91.3 ማይል የነበረው በ2024 ወደ 94.2 ማይል ከፍ አለ፤ በሙያተኛ ተጫዋቾች ላይ የተደረገው የዚህ ጅማት ቀዶ ጥገና ደግሞ በ2010 104 የነበረው በ2024 281 ደረሰ። እነዚህ የተሟላ ሐኪም ያላቸው፥ ደመወዝ የሚከፈላቸው ጎልማሶች ናቸው። የዐሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ምን አለው?

የዛሬ ዓመት ከአንዱ ልጅ አባት ጋር ያደረግነውን ንግግር እዚህ ላይ ብናነሣ ክርክሩ ከወረቀት ወጥቶ ይታያል። ሰውየው ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ሌሊት ሲሠሩ አድረው ጠዋት ልጃቸውን ሜዳ ያደርሳሉ፤ ለአንድ የግል ማሠልጠኛም በየወሩ ይከፍላሉ። ልጁ በልምምድ መካከል ክርኑን ሲያሽ አየነው።

«ጋሼ፥ ዛሬስ ባይወረውር ይሻላል፤ ክርኑን የሚያመው ይመስላል» አልናቸው።

«ጠይቄዋለሁ፤ አላመመኝም ብሏል።»

«እርስዎን አፍሮ ይሆናላ፥ ጋሼ።»

«እናንተ ልጆች» አሉን፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «እናንተ አንብባችሁ ገባችሁ፤ እሰየው። ለእርሱ እግዜር የሰጠው ክንድ ነው። በክንዱ ቢገባ ምን ነውር አለበት? እኔ እንደ ሆንሁ የኮሌጁን ክፍያ በታክሲ አልዘልቀውም።»

ይህን አባት የሚነቅፍ ብዕር የለንም። ከእኛም የብዙዎቻችን አባቶች ቢሆኑ ይህንኑ ይሉ ነበር። የምንነቅፈው ተስፋቸውን በቁጥር እየመነዘረ የሚሸጥላቸውን ነው። ሻጩ ከማይነግራቸው ነገር አንዱ ይህ ነው፤ እስከ 2025 ድረስ በአንደኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት የኮሌጅ ቤዝቦል ቡድን እንዲሰጥ የተፈቀደለት የሙሉ ስኮላርሺፕ ብዛት 11.7 ብቻ ነበር፤ እርሱም እስከ 32 ለሚደርሱ ተጫዋቾች ይቆራረሳል። ከ2025 ወዲህ አዲሱን ስምምነት በተቀበሉ ኮሌጆች የስኮላርሺፑ ጣሪያ ተነሥቶ በ34 ተጫዋቾች ገደብ ተተክቷል፤ ሆኖም ጣሪያ ተነሣ ማለት ኮሌጁ ገንዘቡን ይሰጣል ማለት አይደለም። እንግዲህ ልጁ ክርኑን አስይዞ የሚገባበት ዕጣ ይህን ያህል ጠባብ ነው።

ልጁ ከዚያ በኋላ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ የአጥንቱ ማደጊያ መቈጣቱ ታወቀ፤ ስድስት ሳምንት ኳስ እንዳይነካ ታዘዘ። ከጉዳቱ ይልቅ እኛን ያስጨነቀን ሌላ ነገር ነው። ለሐኪሙ ሲናገር ክርኑ ማመም ከጀመረው ሁለት ወር ሆኖት ነበር! ሁለት ወር ሙሉ ለአባቱ አልነገረም፤ ለእኛም አልነገረም። ለምን? ሌሊት ሠርቶ የሚከፍልለትን አባት እንዴት «አመመኝ» ይበለው? ይሉኝታ ከሀገር ቤት ስንወጣ ጉምሩክ ላይ አልቀረም፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገረው ልጃችን እንኳ በደሙ ይዞታል። በዚያ ላይ «ወንድ ልጅ አይደለህም ወይ?» የምትለው የጥንት ቃል አለች። የአሜሪካው ሐኪም «ልጁ ሕመም ሲሰማው ለአሠልጣኙ ይንገር» ብሎ የሚጽፈው ምክር ከእኛ ቤት ሲደርስ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከእኛ መካከል የወገን ልጅ የሚያሠለጥን ሰው «አመመህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አላመመኝም» ነውና። ይልቅ ልጁን ይመልከት። ክርኑ ዝቅ ማለት ከጀመረ፥ ኳሷ ወደ ላይ መሸሽ ካበዛች፥ በውርወራና በውርወራ መካከል መዘግየት ከጀመረ፥ ደክሟል፤ አበቃ።

ይህ የአንድ ሀገር በሽታ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ወደ ጃፓን መሻገር ይበቃል። እዚያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብሔራዊ ውድድር ከ1915 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን፥ በ1924 በተሠራው በኮሺየን ስታዲየም መጫወት ለአንድ ልጅ የዕድሜ ልክ ክብር ነው። በ1998 ዳይሱኬ ማትሱዛካ የተባለ ተማሪ በአንድ ጨዋታ 17 ኢኒንግ፥ 250 ኳስ ወርውሮ አሸነፈ፤ ሀገሩም እንደ ጀግና ዘመረለት። በ2019 ግን ሌላ ነገር ሆነ። በኢዋቴ ክፍለ ሀገር በኦፉናቶ ትምህርት ቤት ሮኪ ሳሳኪ የሚባል ተማሪ ነበር፤ በሚያዝያ ወር በሰዓት 163 ኪሎ ሜትር ወርውሮ ሀገሩን ሁሉ አስደንቆ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከ1984 ወዲህ ኮሺየን ደርሶ አያውቅም፤ አሁን አንድ ጨዋታ ብቻ ቀረው፤ የክፍለ ሀገሩ ፍጻሜ። ሳሳኪ በዋዜማው 129 ኳስ ወርውሯል፤ ከዚያም ሦስት ቀን ቀደም ብሎ 194። አሠልጣኙ ዮሄይ ኮኩቦ ልጁን አላሰለፈውም። ቡድኑ 12 ለ 2 ተሸነፈ። ትምህርት ቤቱ በስልክ ተወረረ፤ አሠልጣኙ የሠላሳ አምስት ዓመት ተስፋ ገደለ ተብሎ ተወገዘ።

ይኸው አሠልጣኝ ከአራት ቀን በፊት ልጁ 194 ጊዜ እንዲወረውር መፍቀዱን አንዘነጋም፤ ፍጹም ሰው አልነበረም። ግን በዚያች ዕለት ዋንጫ፥ ትምህርት ቤት፥ ከተማ፥ የልጁም የራሱ ምኞት በአንድ ወገን፤ አንድ ክንድ ብቻ በሌላ ወገን ቆመው ሳለ፥ ለክንዱ ፈረደ። ሳሳኪን የወሰደው የቺባ ሎቴ ቡድንም በ2020 ዓመቱን ሙሉ በአንድም ይፋ ጨዋታ ሳያስወረውር አቆየው። በሚያዝያ 2022 የ20 ዓመቱ ወጣት አንድም መቺ ሳያስደርስ፥ 19ኙን በባዶ መልሶ፥ ፍጹም የሚባለውን ጨዋታ ጨረሰ። በ2025 ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በተሻገረ ጊዜ ደግሞ ትከሻው ታምሞበት ለወራት ቁጭ ብሏል፤ ጥንቃቄ ከጉዳት ሁሉ ያድናል አንልም። በጃፓን ከ2020 ጀምሮ አንድ ተማሪ በሳምንት ከ500 ኳስ በላይ እንዳይወረውር ተደንግጓል። 500 ለእኛ ብዙ ነው፤ ሆኖም ማትሱዛካን በዘመረ ሀገር ገደብ የሚባል ነገር መኖሩ ራሱ ታላቅ ለውጥ ነው።

ተቃዋሚዎቻችን ሁልጊዜ የሚያነሡት የኖላን ራየንን ስም ነው። ራየን ከሁሉ ፈጥኖ እየወረወረ እስከ 46 ዓመቱ፥ እስከ 1993 ድረስ ተጫውቷል፤ 5,714 መቺዎችን በባዶ መልሷል። ማን ቆጠረለት? ማንስ አሳረፈው? ይላሉ። ከጦርነት የተመለሰ ሽማግሌ ጥይት አይገድልም ቢል እናምነዋለንን? የተመለሰው ይናገራል፤ የቀሩት አይናገሩም። ደግሞስ ለምን ራየን ብቻ? ግሬግ ማዳክስ በዘመኑ ከነበሩት ፈጣኖች መካከል የማይቈጠር ሲሆን ኳሷን በፈለገባት ቦታ እያስቀመጠ 355 ጨዋታ አሸንፏል፤ ከ1992 እስከ 1995 አራት ዓመት በተከታታይ የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተብሏል። የእርሱ ጥበብ ግን በራዳር አይታይም፤ ግድግዳ ላይም አይለጠፍም።

በአሜሪካ ሕጉ ያለ አይደለም እንዳይባል፥ አለ። የሕፃናቱ ሊግ በ2007 የኳስ ቁጥር ገደብ አወጣ፤ በ2014 ታላቁ ሊግና የሀገሪቱ ቤዝቦል ድርጅት ለየዕድሜው መመሪያ አወጡ። ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት የሆነው ልጅ በቀን ከ95 ኳስ አያልፍም፤ 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ያርፋል፤ ከ51 እስከ 65 ሦስት ቀን፤ ከ36 እስከ 50 ሁለት ቀን፤ ከ21 እስከ 35 አንድ ቀን። በዓመት ውስጥም ከአራት ወር ያላነሰ ከውርወራ ይርቃል። የሕጉ ቀዳዳ ግን እዚህ አለ፤ ልጁ በሁለት ቡድን ይጫወታል። ቅዳሜ የእኛ ቡድን አሠልጣኝ 60 ቆጥሮ ያሳርፈዋል፤ እሑድ ሌላው አሠልጣኝ ከአንድ ብሎ ይጀምራል። ማሠልጠኛው ደግሞ ረቡዕ የሚያስወረውረውን ጨርሶ አይቆጥርም። እያንዳንዱ የራሱን ይቆጥራል፤ ክንዱ ግን አንድ ነው።

በዚህ ምክንያት ቆጠራው ከአሠልጣኞች እጅ ወጥቶ ወደ ልጁ እጅ እንዲገባ እናሳስባለን። ይህን መጽሔት በምናባዛበት ማሽን አንዲት ትንሽ ደብተር አባዝተናል፤ ለቀኑ፥ ለቡድኑ፥ ለተወረወረው ኳስ ብዛት፥ ለዕረፍቱም ቦታ አላት፤ በመጨረሻው ዓምድ ላይ ልጁ ለማንም ሳይናገር በክርኑ ወይም በትከሻው ሥዕል ላይ ያመመውን ቦታ በእርሳስ ያጠቁራል። ደብተሯን ልጁ ራሱ ይይዛል፤ ወደ ጉብታዋ ከመውጣቱ በፊት አሠልጣኙ፥ ማንም ይሁን ማን፥ ማየት አለበት። አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈችው አባቶችም እንዲያነቧት ነው። ባለ ታክሲው ጋሼ የመጀመሪያዋን ወስደዋል፤ በመኪናቸው መስታወት ሥር አስቀምጠዋት አይተናል። የቀሩት ሠላሳ ያህል በማኅበሩ ክፍል በመስኮቱ በኩል ባለው መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ ቅዳሜ ወደ ሜዳ የሚወጣ ሁሉ በልጆቹ ቁጥር ልክ ይውሰድ፤ ሲያልቁም ይንገረን፤ ቀለሙ ገና አላለቀም።